መሪ የሚያንቀጠቅጠው ማነው?



ስለ ፊት ጎማ ለመነጋገር ከኮሶዬ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥተናል፤ ከከተማዋ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ብለናል። ከዚህ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ ቆላው ያየ ሰው የፊት ጎማ ምን ማለት እንደሆነ አያስረዱትም። ወደ ፊት አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ደባርቅ አለ። ከደባርቅ ወዲያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ጠርቦ የሠራው ሊማሊሞ ይጠብቃል። በዚህ መስመር ላይ መሪው እጁ ውስጥ የሚንቀጠቀጥበት ሹፌር «ደርሼ አሠራዋለሁ» ሲል እሰማለሁ። መድረሱን ማን ነገረው?

የዛሬው ርዕሴ የመጣው ከአንዲት ቤት መኪና ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ከካይሮ ተነስተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የሚነዱ ፈረንጆች በመተማ ገብተው፣ በአይከልና በአዘዞ አድርገው ጎንደር ያርፉ ነበር፤ ከዚያ ስሜንን ለማየት በዚህ መንገድ ያልፋሉ። አልጋ፣ ማድቤት፣ የውሃ ታንከርና መጸዳጃ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተጫነባቸውን እነዚያን መኪኖች ያላየ ኮሶዬ ላይ ያለ አይመስለኝም። ሕፃናቱ ከበው በመስኮታቸው ምጣድ ፍለጋ ሲያዩ ትዝ ይለኛል። ቤት መኪና ከእኛ ሩቅ ነገር ከመሰላችሁ ግን ቅጥቅጧን አስታውሱ። ቅጥቅጥ ምንድን ናት? ፋብሪካ ለጭነት ያወጣው የአይሱዙ ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ ቆርቆሮና ወንበር ተቀጥቅጦ የተሠራባት መኪና ናት። ቤት መኪናም እንዲሁ ናት። አንዱ ፋብሪካ ሻንሲውን ሠራ፣ ሌላው ገላውን ጫነበት፤ የፊት ጎማው ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍ አንዳንዴ ሁለቱም በትክክል ሳያውቁት መኪናዋ መንገድ ወጣች። ስለዚህ የፈረንጁ ቤት መኪና በሽታ የእኛም በሽታ ነው።

አሁን በየጎሚስታው ደጃፍ የሚሰማውን ልንገራችሁ።

«አንተ ልጅ፣ መሪው እጄን አደነዘዘኝ።»

«ባላንስ ይፈልጋል ጋሼ። አውርዱልኝ፣ ወዲያው ነው የሚያልቀው።»

ባላንስ ተሠራ። በማግስቱ ሹፌሩ ተመለሰ።

«አሁንም ያው ነው እኮ!»

«እንግዲያ አላይመንት ነው ጋሼ።»

አላይመንት ገባ፤ አሁንም ያው ነው። ቀጥሎ ቴስቲና ተቀየረ፣ ቀጥሎ ሾክ አብዞርበር፣ ቀጥሎ «መኪናዋ ተፈጥሮዋ ነው» ተባለ። ልጁ ሌባ አይደለም፤ የሚያውቀውን ሠራ። ሹፌሩም ሞኝ አይደለም፤ የተባለውን ከፈለ። ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። በቅሎ ስታነክስ ኮርቻ የሚቀይር ባላገር የለም፤ እግሯን አንስቶ ኮቴዋን ያያል። እኛ ግን መኪና ስታነክስ ኮርቻውን ገዝተን እንጨርሳለን።

የምለው እንግዲህ ይህ ነው፦ መንቀጥቀጥ ጊዜና ቦታ አለው። መቼ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰማ፣ በምን እንደሚጠፋ ያወቀ ሹፌር ጋራዥ ሳይገባ ነገሩን ከግማሽ በላይ ጨርሶታል። ያን ሳይጠይቅ ቡሎን የሚፈታ መካኒክ ደግሞ በደንበኛው ኪስ ዕጣ እያወጣ ነው።

የፍጥነቱን ነገር እናስቀድም። በስልሳ ጀምሮ በሰማንያ የሚብስ፣ ዘጠናን ሲያልፍ ለቀቅ የሚያደርግ ከሆነ የጎማው ክብደት አልተመጣጠነም፣ ወይም ጎማው በትክክል ክብ አይደለም። ለምን በሰማንያ? የአይሱዙ 7.50 በ16 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ጎማው በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ 50 ግራም ትርፍ ክብደት ካለ፣ በዚያ ፍጥነት የሦስት ኪሎ ያህል ጉልበት አግኝቶ በያንዳንዱ ዙር ጎማውን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ! በ60 ጉልበቱ ወደ ሁለት ኪሎ ይወርዳል፤ በ100 አምስት ኪሎ ይደርሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ዘጠና ላይ ለምን ለቀቅ ይላል ቢባል፣ ጉልበቱ ስለቀነሰ አይደለም። ባሌስትራውና መሪው የየራሳቸው መወዛወዣ ፍጥነት አላቸው፤ ጎማው ከዚያ ጋር ሲገጥም ይብሳል፣ ሲያልፈው የሚሰማው ይቀንሳል። ጎማውና ኩሽኔታው ግን ከበፊቱ የበለጠ እየተደበደቡ ነው። «ዘጠና ስነዳ ይተወኛል» ብሎ ዘጠና የሚነዳ ሹፌር ስለዚህ መድኃኒት አላገኘም።

እዚህ ላይ ለሽማግሌዎቹ ሹፌሮች አንድ ነገር ልበል። «በእኛ ጊዜ ባላንስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኤንትሬ እየነዳን አርጅተናል» ትላላችሁ። እውነት ነው። ኤንትሬ ፊያት ግን በስልሳና ከዚያ በታች የሚሄድ መኪና ነበር፤ መንገዱም ፒስታ ነበር። ኮረኮንች ላይ ሁሉም ነገር ስለሚንቀጠቀጥ የጎማውን መንቀጥቀጥ ከመንገዱ የሚለይ ሰው አልነበረም። ከጎንደር ደባርቅ አስፋልት ሲሆን ፍጥነቱ ጨመረ፣ መንገዱም ዝም አለ። የተደበቀው ያኔ ነው ገሃድ የወጣው። ዛሬ ላይ ሚኒባስ በሰማንያ ሲበር የምታዩት መንቀጥቀጥ አዲስ በሽታ አይደለም፤ ድሮም ነበር፣ ያኔ ድምፁ በመንገዱ ተውጦ ነበር።

ከ20 እስከ 40 ባለው ዝግተኛ ጉዞ መሪው ግራ ቀኝ ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ከሆነስ? ይህ ከሁሉ የምፈራው ነው። ባላንስ በዚህ ፍጥነት አይሰማም፤ ጉልበቱ ገና ትንሽ ነው። በዝግታ የሚወዛወዝ መሪ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ጎማው ውስጥ ያለው ሽቦ ከላስቲኩ መላቀቁን ወይም ቸርኬው መጣመሙን ነው። ሽቦው የተላቀቀ ጎማ ዛሬ ወይም ነገ ይፈነዳል። የፊት ከሆነ ደግሞ መኪናዋን ወደፈለገበት ይጎትታል፤ በኛ መንገድ ወደፈለገበት ማለት ወዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ከመሪው ይልቅ በመቀመጫና በወለል በኩል የሚሰማ ከሆነ ወደ ኋላ ጎማ ተመልከቱ። መንቀጥቀጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለመቁጠር የማይቻል፣ ጆሮ ውስጥ የሚያጉረመርም ዓይነት ከሆነ ጎማ አይደለም። ፕሮፔለር ሻፍቱ ከጎማው አራት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚዞር መንቀጥቀጡም በዚያው ልክ የደቀቀ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ብሶ፣ ስትለቁ ጋብ ካለ ክሮቼራውን እዩ።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ነገሩ የፍሬን ነው፤ ጎማ አትፍቱ። ይህን በዚህ መስመር የሚነዳ ሰው በተለይ ያውቀዋል። ከኮሶዬ ወደ ጎንደር ቁልቁል ስትወርዱ መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። መንገዱ እየገፋ ሲሄድ ፍሬን ስትረግጡ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የፍሬን መርገጫውም እግራችሁን መልሶ ይመታል። ጎንደር ገብታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ጠፍቷል። ዲስኩ ውፍረቱ እኩል አይደለም፣ ወይም ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል፤ ሲግል ይታያል፣ ሲበርድ ይደበቃል። ጋራዥ ስትወስዱት መኪናዋ ቀዝቅዛ ስለምትደርስ «ምንም የለም» ትባላላችሁ። ምርመራው ከዚህ ወርዶ እንደቆሙ ወዲያው ነው። ቸርኬውን ሳትነኩ መዳፋችሁን አስጠግታችሁ የግራውንና የቀኙን ሙቀት አነጻጽሩ። አንደኛው ከሌላው በግልጽ ከጋለ ፍሬኑ ተጣብቆ አለቅም ብሏል፤ ዲስኩን ያበላሸውም ያ ነው። ዲስክ ቀይራችሁ የተጣበቀውን ፍሬን ከተዋችሁት አዲሱንም ይበላዋል። ለወደፊቱም ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ዛሬም ይሠራል።

አሁን ወደዚያች ቤት መኪና ልመለስ፤ ነገሩን በቅርብ ያየሁት በእሷ ነው። ከመተማ የገባች፣ ነጭ፣ ከኋላ ረዘም ያለች። ባልና ሚስት ናቸው የሚነዷት፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ። ከድንበር ጀምሮ መሪው ሲወዛወዝባቸው ባለፉበት ከተማ ሁሉ ባላንስ አሠርተዋል። የፊት ቸርኬዎቹ በእርሳስ ተለብጠዋል፤ አንዱ ላይ ከውስጥም ከውጭም ተደርድሮበታል። ኮሶዬ ላይ ለመሬት አቀማመጡ ፎቶ ሲቆሙ ነው የተገናኘነው። የፊት ጎማው ጥርስ አላለቀም፤ አዲስ ይመስላል። ባልየውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ «ጎማው አዲስ ነው።»

ክሪክ አገባን፤ ከኋላ ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አደረግን። ታኮ ሳይደረግ ክሪክ አይነሳም፤ ይህ ደግሞ ለረዳቶች ነው። ከዚያ መዳፌን ጎማው ጥርስ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ዓይን የማያየውን መዳፍ ያገኘዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ጎማው ወደ ላይ ያበጠ ነው፣ ስፋቱ የእጅ መዳፍ ያህላል። ለማረጋገጥ አንድ ድንጋይ ላይ ሽቦ አስረን ጫፉን ከጎማው ጥርስ ጋር ለጥቂት ሳይነካ አስጠጋንና እንደገና አዞርነው። ያበጠው ቦታ ሲደርስ ሽቦውን መታው። ከዚያ ቦታ ውጪ በጎማውና በሽቦው መካከል ሳንቲም ይገባል። ለእንዲህ ዓይነት ጎማ ከአንድ ተኩል ሚሊ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ካለ ሊጠረጠር ይገባል፤ የዚህኛው ከዚያ እጅግ ያለፈ ነበር።

ባላንስ ማሽኑ ለምን አልያዘውም? ማሽኑ የሚያየው ክብደትን ብቻ ነው። እንቁላል ቅርጽ ያለው ጎማ ክብደቱ በእርሳስ ሊመጣጠን ይችላል፤ ማሽኑም ዜሮ ዜሮ ያሳያል። አስፋልት ላይ ሲወርድ ግን እንቁላል ነው። ብዙ እርሳስ የጠየቀ ጎማ ራሱ እየተናገረ ነው፦ ጎማው ወይም ቸርኬው ታሟል። ጎሚስታ ሆይ፣ ማሽንህ ብዙ ግራም ከጠየቀህ እርሳስ ከመለጠፍህ በፊት ጎማውን አዙረህ እየው።

ከዚያ የጎማውን ጎን ፈለግን። በእያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይነግራሉ። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የቤት መኪናዋ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ግን ያለፈ ነበር። የቤት መኪና ጎማ የሚሞተው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው፤ ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ሳምንት ይነዳታል፣ የቀረውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ትቆማለች፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሽቦው ይላቀቃል። «ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» እንዳትሉ። መንገድ ሲዘጋ ስንት ሚኒባስና ስንት ቅጥቅጥ በየሰፈሩ ወራት እንደቆመ ታውቃላችሁ። ተጭኖ የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ይጠፈጠፋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሲሞቅ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ሞቆም ካልተመለሰ ለፊት አይሆንም። በየገበያው «ጥርሱ አላለቀም» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ጎማም አለ። ጥርሱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ዕድሜ አልገዛም።

ያ ጎማ ወረደ፤ ትርፉ ተገጠመ። ባላንስ የሌለው ትርፍ ጎማ ከታመመው ይሻላል። በዝግታ ጎንደር ወርደው አዲስ አገኙ።

ስለ ንፋስ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ጎማው 65 ፒኤስአይ ተሞላ እንበል። ሌሊቱን ኮሶዬ ወይም ደባርቅ አድራችሁ ንጋት ላይ፣ ብርዱ 8 ዲግሪ ላይ ሲሆን ብትለኩት 60 ገደማ ታገኙታላችሁ። ብርዱ ስምንት ያህል ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ የውጭው አየር ስለሳሳ ሦስት ያህል መልሶ ያሳያል፤ ልዩነቱ አምስት ነው። ማንም አልቀዳውም፣ ጎማውም አልተበሳም። በሌላ በኩል ይህን ያየ ሹፌር ንጋት ላይ ደባርቅ ሞልቶት ወደ ቆላ ሲወርድ ጎማው ከልክ በላይ ይጠጥራል። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ በቀኑ ውስጥ ለምትውሉበት አገር ታስቦ ነው። የላላ ጎማ ጎኑ ይሞቃል፤ የጠጠረ ደግሞ መንገዱን ሁሉ ወደ መሪ ያቀብላል፣ ሹፌሩም ይንቀጠቀጣል ይላል። ሌላም አለ፦ ለቤት አውቶሞቢል የተሠራ ለስላሳ ጎማ ዋጋው ረከሰ ተብሎ ሚኒባስ ላይ ሲገጠም ሰው ጭኖ ይዋልላል። ለጭነት የሚሆነውን፣ ባለ 8 ፕላዩን ጠይቁ።

ጎማው ንጹሕ ከሆነ ወደ መገጣጠሚያዎቹ እንሄዳለን። ጎማው በክሪክ እንደተነሳ አንድ እጅ ከላይ አንድ እጅ ከታች አድርጋችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ወይ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ወይ ኪንግ ፒኑ ወይ ቦል ጆይንቱ ተበልቷል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ፒኑ ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ይህች ትንሽ ዘዴ ገንዘብ አትጠይቅም፤ ስንት ያልታመመ ኩሽኔታ ከመቀየር አድናለች። ቀጥሎ እጃችሁን ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ወዝውዙ፤ የሚነቃነቀው አሁን ቴስቲናው ወይም የመሪው እጆች ናቸው። አንዱ ሰው ሲወዘውዝ ሌላው ጎንበስ ብሎ ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ ያድርግ፤ የላላው ጣቱን ይነግረዋል።

ፊት ለፊት አንድ ወጥ አክስል ያላቸው መኪኖች ደግሞ የራሳቸው አመል አላቸው። ቀጥ ብለው ይሄዱና አንድ ጉድጓድ ሲነኩ መሪው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ እስክትቆሙ ድረስ አይቆምም። ይህ ባላንስ አይደለም። ፒኑ ላልቷል፣ ወይም ባሌስትራው ከአክስሉ ጋር የታሰረበት ቡሎን ተላቋል፣ ወይም ጭነቱ ከኋላ አክስል አልፎ ወደ ጭራ ሄዷል። ጭራ ላይ የተከመረ ጭነት አፍንጫዋን ያነሳል፤ የፊት ጎማ ክብደት ያጣል፣ ኪንግ ፒኑም ያዘነብላል። ቤት መኪና የውሃ ታንከሯን፣ ቅጥቅጥ ደግሞ የወገራን ድንችና ገብስ የምትጭነው ጭራዋ ላይ ነው። ቀላሉን ፈተና ሥሩ፦ ጭራው ላይ ያለውን አውርዳችሁ በዚያው መንገድ ንዱ። ከተሻላት በሽታው ጭነት ነው። በየአገሩ መንገድ ላይ ያለው የጭነት ሚዛን ለቅጣት ብቻ የቆመ አይምሰላችሁ፤ በየአክስሉ ላይ ስንት ክብደት እንዳለ የሚነግራችሁ ሌላ የለም።

ብዙ ጊዜ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው መፍትሔ የመሪ ሾክ መግጠም ነው። መወዛወዙን ይይዘዋል፤ ሹፌሩም ይደሰታል። የላላው ፒን ግን እዚያው ነው። ምልክቱን አፍኖ በሽታውን መተው ነው ይህ፤ ከሁሉም በፊት ፒኑ ይታይ፤ ሾኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አላይመንትን በአጭሩ ልለፈው። «ባላንስና አላይመንት» እየተባለ እንደ አንድ ሥራ ይጠራል፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። የተበላሸ አላይመንት መሪን ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማን ከአንድ ጎን ይበላል፤ መንቀጥቀጥ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ አያመጣም። ከጊዜ በኋላ ጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲበላው ያ ጎማ ያንቀጠቅጣል፤ ያኔ አላይመንት ብቻ ማስተካከል ጎማውን አያድነውም።

ጎሚስታዎች ሆይ፣ እናንተን ሳልመርቅ አልሄድም፤ ግን ጥቂት ልጨምርባችሁ። በክረምት በዋልካ ውስጥ ያለፈ ቸርኬ ውስጡ ጭቃ ይደርቅበታል። ሳይታጠብ ባላንስ ከተሠራ ጭቃው ነገ ሲረግፍ ባላንሱም አብሮ ይረግፋል። አጥባችሁ ሥሩ። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካያችሁ ቀላሉ ቦታ ነው፤ ከቫልቩ ጋር አግጥሙት። ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ አጠገብ ቀጭን መስመር ይዞራል፤ ከቸርኬው ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ጎማው አልተቀመጠም፣ ባላንስ ከመሥራት ይልቅ አውጥታችሁ እንደገና ንፉት። ቸርኬው የሚያርፍበትን የብረት ገጽ ከዝገትና ከቀለም አጽዱ። ዳዶዎቹን በክብ ተራ አታጥብቁ፤ በመስቀል አድርጉ፤ ጎማው ገና በአየር ላይ እያለ ቀስ አድርጋችሁ አስይዙ፣ መሬት ሲነካ ጨርሱ። ደንበኛውንም «50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ሄደህ ዳዶውን ድገመው» በሉት። ያልተናገራችሁ ጎሚስታዎች ግማሽ ሥራ ሠርታችሁ ሙሉ ዋጋ ወስዳችኋል።

አዲስ ጎማ ሁለት ብቻ ለመግዛት አቅም ያላችሁ ሹፌሮች የትኛው ጎማ ፊት አይግባ ትላላችሁ። የምመክረው እንዲህ ነው፦ ፊት ላይ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ዕድሜው ያለፈ ጎማ በምንም ምክንያት አይግባ። ላሽ የሆነውም በክረምት ከፊትም ከኋላም አይሆንም።

እንግዲህ ወደየመኪናችሁ ልትመለሱ ነው። ወደ ጎንደር የምትወርዱም ወደ ደባርቅ የምትወጡም ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ በሉ፤ መዳፋችሁን በሁለቱ የፊት ጎማዎች ጥርስና ጎን ላይ አሳልፉ፤ አራቱን አሃዝ አንብቡ፤ ዳዶዎቹን በመፍቻ ነካ ነካ አድርጉ። ያበጠ ያገኘ ትርፉን እዚሁ ይግጠም፤ ትርፍ የሌለው ደግሞ መንገደኞቹን በሌላ መኪና ይላክና ጎማ እስኪመጣለት ኮሶዬ ይደር።